አፈሙዙ 1933 ይላል፣ ከእንጨቱ ስር ደሞ 1897፦ ጠመንጃው የስንት ዓመት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አጎቴ ሲያርፍ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ለኔ ደረሰኝ፣ ወረቀቱም በስሜ ዞሯል እሱ ላይ ችግር የለም። ረጅም ነው፣ በሜትር ስለካው 123 ሳንቲሜትር ገደማ ሆነ። አምስት ጎራሽ ነው፣ ካዝናው ከምላጩ ፊት ለፊት ወደ ታች ወጣ ያለ ብረት ነው፣ የመዝጊያው እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የወጣ ነው እንጂ ወደ ታች አልታጠፈም። አፈሙዙ ከመዝጊያው ቤት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ኮከብ አለ፣ ኮከቡ ውስጥ ቀስት አለ፣ ከሱ ስር 1933 ይልና የተገለበጠ ኤል የሚመስል ፊደል ከነነጥቡ ይከተላል። እዛው አካባቢ አራት ማእዘን ውስጥ ሰያፍ መስመር ያለበት ትንሽ ማህተምም አለ። የመዝጊያው ቤት ክብ አይደለም፣ ጎን ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። መዝጊያው ላይ ያለው ቁጥር ደሞ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው የሚመስለው። እኔን ያደናገረኝ ግን ሌላ ነው፣ ከጓደኛዬ ጋር እንጨቱን ስናወልቀው ከስር ወደ ኋላ የሚሄደው የብረት ጭራ ላይ 1897 የሚል አገኘን። እና የ1897 ነው የ1933? 1933ስ በኛ ነው በፈረንጅ? ጓደኛዬ ጠፍጣፋ የሆነው ሁሉ የዛር፣ ማለት የሩሲያ ነገሥታት ዘመን ነው ይላል፣ ደሞ ኮከብ ያለበት ስናይፐር ነበር ይላል። አስታርቁን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ አጎትህን ነፍስ ይማር። ደሞ እንዲህ ለክተህ አይተህ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ፣ አብዛኛው ሰው "አሮጌ ጠመንጃ አለኝ ስንት ያወጣል" ብሎ ነው የሚልከው፣ ከዛ ላይ ምን እንድናነብለት እንደሚፈልግ እንጃ።

በእጅህ ያለው ሞሲን ናጋንት ነው፣ ሞዴል 1891/30 የሚባለው። ኮከብ ውስጥ ቀስት የሩሲያው የቱላ ፋብሪካ ማህተም ነው እንጂ ከስናይፐርነት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ቱላ በዛ ዘመን የሰራው ተራው ሁሉ አለበት። 1933 በፈረንጅ ነው፣ የሶቭየት ፋብሪካ በኛ አቆጣጠር አይቀርጽም። የተገለበጠው ኤል ደሞ ሚስጥራዊ ኮድ ምናምን አይደለም፣ በሩሲያኛ ዓመት የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ናት፣ እኛ ዓ.ም. እንደምንለው በቃ።

ወደ ርዝመቱ እንምጣ። የመጀመሪያው ሞዴል 1891 ለእግረኛ ወታደር የተሰራው 130 ሳንቲሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ሳንጃው ሲገባበት ከሰው ቁመት ይበልጣል። አጫጭሮቹ ሞዴል 38ና ሞዴል 44 የሚባሉት ወደ 102 ሳንቲሜትር ናቸው፣ 44ቱ ደሞ ሳንጃው ከጎኑ ታጥፎ የሚቀመጥና የማይወልቅ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። 91/30 123.2 ሳንቲሜትር ነው፣ ያንተ እዛ ላይ ወደቀ። ግን ርዝመት ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ከዛር ዘመን ለፈረሰኛ ተብሎ የተሰራ ድራጉን የሚባል ሞዴል አለ፣ 91/30 የተቀዳው ከሱ ስለሆነ ቁመታቸው ያው ማለት ነው። እነሱን ለመለየት የኋላውን ማነጣጠሪያ እየው። ከ1 እስከ 20 የተቆጠረ ከሆነ በመቶ ሜትር ነው፣ 20 ማለት 2000 ሜትር፣ ይሄ 91/30 ነው። የዛር ዘመኖቹ ግን የተለኩት በሜትር ሳይሆን በአርሺን ነው፣ አንድ አርሺን 71 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ እዛ ላይ 10 የሚለው 711 ሜትር ነው የሚሆነው እንጂ 1000 አይደለም። የፊቱ ማነጣጠሪያም ይናገራል፣ 91/30 ላይ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ዙሪያውን ክብ ሽፋን አለው፣ ድሮውን ግን ሽፋን የሌለው ስለት መሳይ ብረት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ፣ 1897 ወይስ 1933። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፣ ጥያቄው ነው ትንሽ የጠመመው፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ጠመንጃ አንድ የትውልድ ዓመት የለውም። ከላይ የምታየው ዓመት የአፈሙዙ ነው። አፈሙዝ ያልቃል፣ በተተኮሰ ቁጥር ውስጡ ይበላል፣ ይዝጋል፣ ይቀየራል። የመዝጊያው ቤት ግን ከባድ ብረት ነው፣ በቀላሉ አይሞትም። ዛሩ ሄዶ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነትም የርስ በርስ ጦርነቱም አልፎ፣ ሶቭየቶች በእጃቸው የቀረው የተሰባበረ የተጎሳቆለ ጠመንጃ መአት ነበር። ዲዛይኑ ደሞ ከ1891 ጀምሮ መሰረቱ ስላልተለወጠ በ1897 የተሰራ ቤት ላይ አዲስ አፈሙዝ ጠምዝዞ መግጠም ይቻላል፣ ለምን አዲስ ቤት ይሰራሉ። ያንተም እንደዛ ነው የሆነው፣ ቤቱ በ1897 ተሰርቶ ምናልባት ሌላ ሞዴል ላይ ሲያገለግል ኖረ፣ በ1933 ቱላ አዲስ አፈሙዝ ገጥሞለት 91/30 ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ሰው ሲጠይቅህ "ቱላ 1933፣ ከስር 1897" ብለህ ነው የምትመልሰው፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል።

ይሄ ከስር ያለው ቁጥር ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስልህ። ለምሳሌ በአሜሪካ የፌደራል ህግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሰራ መሳሪያ አንቲክ ተብሎ ከሌላው ተለይቶ ነው የሚታየው፣ እዛ ደሞ እንደ መሳሪያ የሚቆጠረው የመዝጊያው ቤት ስለሆነ አፈሙዙ 1933 ቢልም ከስር 1897 ያለው ጠመንጃ አንቲክ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ሌላ አገር ህጉ ሌላ ነው፣ አንተ ያለህበትን ፈቃድ ከሚሰጠው አካል ጠይቅ እንጂ ከኔ አትቅዳ። ለማለት የፈለኩት ሰዎች ሁለት ብሎን ፈተው ስር የሚያዩት ያለ ነገር አይደለም። በነገራችን ላይ ሞሲን ላይ የኋላው ብሎን ከላይ ነው የሚፈታው፣ የፊቱ ከስር ነው፣ ሁለቱ ከወጡ ብረቱ ከእንጨቱ ይላቀቃል። ልክ የሚሆን መፍቻ ካልያዝክ ግን አትጀምረው፣ የተበላ ብሎን ራስ ከምንም በላይ ነው የሚያናድደኝ።

ጠፍጣፋ ጎን ያለው ቤት የዛር ዘመን ነው የሚለው የጓደኛህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። የዛር ዘመኖቹ በሙሉ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ግን ሶቭየቶችም እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ ያንኑ ቅርጽ ነው የሰሩት። ወደ ክቡ የዞሩት በ1935ና 36 አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም ክብ በማሽን ለመቁረጥ ይፈጥናል። ስለዚህ የ1933 ቱላ ከስር ምንም የድሮ ቁጥር ባይኖረውም ጠፍጣፋ ነበር የሚሆነው። ከጠፍጣፋነቱ የምታውቀው "ከ36 ወዲያ አዲስ የተሰራ ቤት አይደለም" የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ደሞ ማንም ያልቀረጸው ሶስተኛ ዓመት አለ። አራት ማእዘን ውስጥ ሰያፍ መስመር ያልከው ማህተም ጠመንጃው በሶቭየት የጦር መሳሪያ ማደሻ ውስጥ ማለፉን ነው የሚናገረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር ሞሲን ተሰብስቦ ተፈታ፣ ደህናው ክፍል ከደህናው ጋር ተገጠመ፣ ብረቱ እንደገና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ተነከረ፣ እንጨቱ ሼላክ የሚባል የሚያብረቀርቅ ቅብ ተቀባ፣ ወፍራም ግሪስ ተለቅልቆ መጋዘን ገባ። ያንተ ሰደፍ ወደ ቀይ የሚያደላ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለበትና አንዳንድ ቦታ እንደ መስታወት እየተሰነጠቀ ከተላጠ ሼላኩ ነው፣ በ1933 እንደዛ ሆኖ አልወጣም። መዝጊያው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የመሰለህ ቁጥርም በኤሌክትሪክ እርሳስ የተጫረ ነው። መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ መጥቶ ካንተ አፈሙዝ ቁጥር ጋር እንዲመሳሰል ተጽፎበታል። ከፋብሪካ ሲወጣ የተመታ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ጥልቀቱም የአሃዞቹም ቅርጽ አፈሙዙ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሆን ነበር። ካዝናው ስር ያለውን ክዳንና የሰደፉን ብረትም እይ፣ አንዱ ላይ የድሮው ቁጥር በመስመር ተሰርዞ ከጎኑ አዲስ ተመትቶ ብታገኝ አትደንግጥ፣ ያው ነው። ሻጮች "ቁጥሩ ሁሉ ይገጥማል" ሲሉ ይሄን ነው የማይነግሩህ፣ መግጠምና እንዲገጥም መደረግ ይለያያል።

እዚህ ላይ የኔን አስተያየት ልጨምር፣ ብዙ ሰብሳቢ ማደሻ የገባውን ይንቀዋል፣ እኔ አልንቀውም። ማደሻ የገባው ብዙ ጊዜ ውስጡ ንጹህ ነው፣ ደሞ ማህተሞቹ ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ሰው ቤቱ በአሸዋ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ የቀባውን ነው እኔ የምንቀው።

ስናይፐሩን በሁለት ምልክት እንጨርሰው። አንደኛ እጀታው፣ ስናይፐር ላይ መነጽሩ ከላይ ስለሚቀመጥ ቀጥ ያለ እጀታ ወደ ላይ ሲነሳ ይመታዋል፣ ስለዚህ እጀታው ረዝሞ ወደ ታች ታጥፏል። ያንተ ቀጥ ያለ ነው። በርግጥ ማደሻ ውስጥ የስናይፐሩ መነጽር ወርዶ በተራ መዝጊያ የተተካባቸው አሉ፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ምልክት ተመልከት፣ የመዝጊያው ቤት ግራ ጎን ላይ የመነጽሩ ማሰሪያ ይገባባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች በብሎን ተደፍነው ይታያሉ። ፒዩ የሚባለው 3.5 እጥፍ የሚያቀርበው መነጽር ከ1942 ጀምሮ የተለመደው እዛ ጎን ላይ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን ማሰሪያው የመዝጊያው ቤት አናት ላይ ነበር፣ ስለዚህ ግራ ጎኑም አናቱም ንጹህ ከሆነ ወሬው አለቀ። የስናይፐር ዋጋ ከተራው ብዙ እጥፍ ስለሆነ በኋላ ቀዳዳ በስተው እጀታ አጥፈው የሚሸጡ መአት ናቸው፣ ስለዚህ ቀዳዳ አለ ብሎ መዝለልም አያስፈልግም።

ሌላ ቦታ ሌላ ሞሲን ካየህ እንዳትደናገር በአጭሩ፦ ሶስት ማእዘን ውስጥ ቀስት ካየህ ኢዥየቭስክ የሚባለው ሌላው የሩሲያ ፋብሪካ ነው፣ ቱላ በ1941 ጀርመን ሲቃረብ ማሽኑን ነቅሎ ሲሰደድ የጦርነቱን ሸክም የተሸከመው እሱ ነው። የ1942ና የ43 ኢዥየቭስክ ብረቱ ላይ የመቁረጫ ማሽኑ ጥርስ እንዳለ ይታያል፣ ማለስለስ የሚባል ነገር የለም፣ ያንተ 1933 ጎን ብታስቀምጠው የሁለት አገር እቃ ይመስላል፣ ግን ይተኩሳል። በእንግሊዝኛ ሬሚንግተን ወይም ኒው ኢንግላንድ ዌስቲንግሃውስ የሚል ካየህ አልተጭበረበርክም፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዛሩ አሜሪካ አሰርቷል። ከዛ በፊት ደሞ ገና ሲጀመር የራሺያ ፋብሪካዎች እስኪደርሱ ፈረንሳይ ሻተለሮ ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተሰርቷል። ሳጥን ውስጥ ኤስ-ኤ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉ የፊንላንድ ጦር ነው፣ ፊንላንዶች የመዝጊያ ቤት ራሳቸው ሰርተው አያውቁም፣ በማረኩትና በገዙት የራሺያ ቤት ላይ የራሳቸውን ጥሩ አፈሙዝ ነበር የሚገጥሙት፣ ስለዚህ በ1940ዎቹ በተገጣጠመው ሞዴል 39 ስር የ1890ዎቹን ዓመት ማግኘት እዛ የተለመደ ነገር ነው። ቻይንኛ ካለበት በ1953 የተጀመረው ታይፕ 53 ነው። ሃንጋሪ 02፣ ፖላንድ ሞላላ ክብ ውስጥ 11 ይመቱ ነበር፣ ሁለቱም የ1950ዎቹ ናቸው፣ አሰራራቸውም ከጦርነቱ ጊዜ ሶቭየት በጣም የጠራ ነው።

ጥይቱን ሳልነግርህ አላልፍም። 7.62 በ54 ሚሊሜትር ነው፣ መቀመጫው ዙሪያ ከንፈር ያለው፣ ፒኬኤም መትረየስ የሚጎርሰው ያው ጥይት ነው። የክላሽ ጥይትም 7.62 ይባላል ግን 39 ነው፣ ቁጥሩ መጀመሪያው አንድ ስለሆነ ብቻ የሚገባ የሚመስለው ሰው አለ፣ አይገናኙም። ለማንኛውም መሳሪያ የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው አትተኩስበት፣ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው ብለናል፣ መዝጊያውና አፈሙዙ መሀል ያለው ክፍተት በመለኪያ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ቤተሰብ ውስጥ የቆየ የጣልያን ጠመንጃ አለ። አፈሙዙ ላይ ዘውድ አለ፣ ተርኒ ይላል፣ ከዛ በሮማውያን ቁጥር 16 ተጽፏል። ሌላ ዓመት የለውም። ይሄ 1916 ማለት ነው? ወንድሜ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሰራ ነው ብሎ ለሁሉም አውርቷል። ደሞ ጥይቱ ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ሃያ ሁለት ዓመት ስቷል። የሮማውያኑ ቁጥር የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው፣ ሙሶሊኒ ስልጣን የያዘበትን ጥቅምት 1922 መነሻ አድርጎ ዓመቱን አንድ፣ ሁለት እያለ የሚቆጥር። አንደኛው ዓመት ከኦክቶበር 28 ቀን 1922 እስከ ቀጣዩ ኦክቶበር ነው፣ 16ኛው ከ1937 ኦክቶበር እስከ 1938 ኦክቶበር ይሆናል። ቀላሉ ዘዴ ቁጥሩ ላይ 1922 መደመር ነው፣ 1938 ይመጣልሻል፣ የዛ ዓመት አብዛኛው ወር እዛ ስለሚወድቅ ብዙም አትስቺም። ተርኒ የመንግስቱ ፋብሪካ ነው፣ ጠመንጃው ደሞ ካርካኖ ነው፣ ቱሪን በነበረው ባለሙያ በሳልቫቶሬ ካርካኖ ስም የሚጠራው፣ መሰረቱ የ1891 ነው።

16ኛው ዓመት በጣም ደስ የሚል ቦታ ላይ ነው የወደቀው፣ ምክንያቱም ጣልያኖች በ1938 ጥይታቸውን ከ6.5 ወደ 7.35 ሊቀይሩ ተነስተው ሞዴል 38 የሚባለውን አጭሩን ጀመሩ፣ ከዛ ጦርነቱ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ጥይት ማመላለሱ አላዋጣቸውም፣ ወደ 6.5 ተመለሱ። ስለዚህ የአንቺ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። የኋላውን ማነጣጠሪያ እዪው፣ የማይነሳ የማይወርድ አንድ ቦታ የተተከለ ከሆነና አጠገቡ 7.35 የሚል ከተመታ መልሱ ተገኘ። የሚነሳና ቁጥር የተደረደረበት ከሆነ ግን የድሮው ዓይነት 6.5 ነው፣ እነሱ ውስጥ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር እየጠበበ ይሽከረከራል፣ ሞዴል 38 ላይ ያን ተዉት። ሁለቱ ጥይት አይለዋወጥም፣ ግምት አያስፈልግም፣ ባለሙያ አፈሙዙን ይለካልሻል።

ሌላው የካርካኖ ጠባይ ጥይቱ ስድስት ስድስት ሆኖ በቆርቆሮ ማቀፊያ ነው የሚገባው፣ ማቀፊያው ራሱ ካዝናው ውስጥ ይቀራል፣ የመጨረሻዋ ጥይት ወደ አፈሙዙ ስትገባ ከስር ይወድቃል። ካዝናው ስር ያለውን ቀዳዳ አይታችሁ ተሰብሯል እንዳትሉ፣ እንዲወድቅበት የተሰራ ነው። ስለዚህ ጠመንጃ ሁሌ ክፉ ነው የሚወራው፣ ይፈነዳል ምናምን፣ እኔ እንደሚመስለኝ ስሙ የጠፋው ከሚገባው በላይ ነው፣ ብዙውን ያበላሸው የማይሆን ጥይት የጨመረበት ሰው ነው። በ1963 ዳላስ ውስጥ ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ ከተተኮሰበት ህንጻ ውስጥ የተገኘው ጠመንጃም ተርኒ በ1940 የሰራው 6.5 ካርካኖ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ስሙ ጭራሽ ሌላ ነገር ሆነ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፣ አሮጌ መሳሪያ ማገላበጥ እወዳለሁ። አንድ ወዳጄ ማውዘር አሳየኝ፣ ከላይ በትናንሽ የላቲን ፊደል ዲ-ኦ-ቲ ይላል፣ ከስሩ 1944። ግራ ጎኑ ላይ ኤክስ የመሰለ መስቀልያ ተመትቶበታል። የማጽጃ ዘንጉ ከፊት የለም። የትኛው ፋብሪካ ነው፣ መስቀልያውስ ተበላሽቷል ተብሎ የተጣለ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ አልተጣለም፣ ተማርኮ ነው። ያ መስቀልያ ሶቭየቶች ከጀርመን የማረኩትን ካር 98 የሚባለውን ማውዘር ሰብስበው ሲያድሱ የመቱበት ምልክት ነው፣ ከላይ ለወንድማችን እንደነገርኩት ሞሲን ላይ ያደረጉትን ሁሉ እዚህም አድርገዋል፣ ሼላኩን፣ የኤሌክትሪክ እርሳሱን፣ የተቀላቀለ መዝጊያውን። እንጨቱ ጨርሶ የሌላ ጠመንጃ ሆኖ ቢያገኙት አይግረምዎት።

ዲ-ኦ-ቲ የብርኖ ፋብሪካ ኮድ ነው፣ በዛን ጊዜ ጀርመን በያዘችው በቼክ ምድር የነበረው። ጀርመኖች የፋብሪካ ስም አይጽፉም ነበር፣ ማን የት ስንት እንደሚሰራ ጠላት ከተማረከ መሳሪያ እንዳያነብ። ቢ-ዋይ-ኤፍ ካለ የኦበርንዶርፉ ማውዘር ራሱ ነው፣ ሲ-ኢ ካለ ዛወር ነው። ከነዚህ ፊደሎች በፊት ደሞ ቁጥር ነበር፣ ኤስ/42 ማለት ማውዘር ማለት ነው፣ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ዓመቱንም ይደብቁት ነበር፣ ለ1934 ኬ፣ ለ1935 ጂ የሚል ፊደል ነው የሚመቱት፣ ከ1936 ወዲያ ነው ዓመቱን በግልጽ የጻፉት። ያ ኬ የሚል ፊደል ያለበት ካጋጠመዎት ለወዳጅዎ እንዳይሸጠው ይንገሩት።

የማጽጃ ዘንጉ ባለመኖሩ አይጨነቁ፣ ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ጀርመኖች ከጠመንጃው ላይ እየቀነሱ ነው የሄዱት፣ በጣም መጨረሻ ላይ ለዘንጉ ቀዳዳ እንኳ አልተውለትም። ቀዳዳው ካለ ግን ዘንጉ ነበረው ጠፍቶ ነው። የምላጩን መከለያ ይዩት፣ የቀድሞዎቹ ከአንድ ድፍን ብረት የተፈለፈሉ ናቸው፣ በ1944 ግን በፕሬስ ተመትቶ የታጠፈ ቆርቆሮ ጀመሩ። እንጨቱን የሚይዙት ቀለበቶችም እንደዛው። ስለዚህ 44 የሚል አፈሙዝ ላይ የተወለወለ የ1938 ዓይነት መከለያ ካዩ ማደሻ ላይ የተቀያየረ መሆኑን ይጠረጥራሉ። ይሄን መሰል ማጣራት ነው እኔን የሚያዝናናኝ፣ ዓመቱን ማንበብ ማንም ያነባል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ከላይ ፊደልና ዓመት ሳይሆን የመንግስት አርማ ካለበት የጀርመን አይደለም፣ ዩጎዝላቭያ ከጦርነቱ በኋላ የሰራችው ሞዴል 48 ሊሆን ይችላል፣ ወይም የጀርመኑን ፍቃ የራሷን አርማ የመታችበት። ሞዴል 48 ሲያዩት ካር 98 ይመስላል፣ የመዝጊያው ቤት ግን ትንሽ አጠር ስለሚል የአንዱ መዝጊያ ለሌላው አይሆንም።

ጥያቄ፦ ማህተሙ በዝገትና በግሪስ ተሸፍኖ አይነበብም። በአሸዋ ወረቀት ልፈቀው? ወይስ ቤንዚን?

መልስ፦ ሁለቱንም ተው በናትህ። መጀመሪያ መዝጊያውን አውጣ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ ሃያ ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ጠመንጃ ውስጥ ጥይት ተገኝቶ ያውቃል። ቤንዚን ከእሳት አደጋው ሌላ ሼላክም ቀለምም ያበላሻል። የመጋዘን ግሪስ በሙቀት ነው የሚለቀው፣ ብረቱን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ይለሰልሳል፣ በጨርቅ ጥረገው፣ የቀረውን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ እንጨቱን ሳትነካ። ዝገቱ ላይ ቀጭን ዘይት ቀብተህ አሳድረው፣ ከዛ በናስ ብሩሽ ወይም በጣም ደቃቅ በሆነው የብረት ጥጥ ቀስ እያልክ፣ ዘይቱ ሳይደርቅ። ቀዩ ዝገት ሲለቅ ከስር ጥቁር ሰማያዊው ይቀራል፣ ጥቁሩን ከነካህ አቁም። የአሸዋ ወረቀት ዝገቱን ከነማህተሙ ነው የሚወስደው፣ የማደሻ ምልክቶች ደሞ ጥልቀት የላቸውም። እንጨቱም ላይ የተመታ ማህተም ስለሚኖር አትፈቀው።

ለማንበብ የግድ መፋቅም የለብህም። ክፍሉን አጨልምና ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርገህ አብራበት፣ የተመታው ፊደል ጥላ ይጥላል፣ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ካልሆነ ቀጭን ወረቀት አስደግፈህ በእርሳስ ቀባው፣ ኮከብ ይሁን ሶስት ማእዘን ይወጣልሃል። ሲወጣ የተገለበጠውን ኤል፣ አራት ማእዘኑን፣ ከስር ያለውን ዓመት፣ ሁሉንም ሳትመርጥ ላክልን፣ ርዝመቱንም በሳንቲሜትር ጨምርበት።